ደንገጎን መውጣትና መውረድ

ወደ ምሥራቅ ለጉብኝት የሚሄድ የአዲስ አበባ ሰው ልማዱ የታወቀ ነው። በአውሮፕላን ድሬ ይወርዳል፣ ቀጥታ ሐረር ይወጣል፣ ማታ ጅብ ሲበላ ፎቶ ያነሳል፣ በማግስቱ ቡና ሸምቶ ይመለሳል። ጅቡን አላጣጥልም፤ እመጣበታለሁ። ግን አገሩ ያለው ከሁለቱ ከተሞች ዙሪያና መሀል ነው። ስለዚህ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና የእናታችን ወንድም ጋሼ መኝታችንን መጀመሪያ ድሬ፣ ቀጥሎ ሐረር አድርገን፣ ጠዋት ጠዋት በአንዱ አቅጣጫ ወጣ ብለን ማታ ለመመለስ ተስማማን። ጊዜው ጥቅምት ነበር፤ ዝናቡ ቆሞ ሣሩ ገና ያልደረቀበት። ጋሼ በወጣትነታቸው ድሬ ምድር ባቡር ሒሳብ ክፍል ሠርተዋል። ከተማዋን ለቀው ከወጡ ወዲህ ግን አንድም ቀን ተመልሰው አያውቁም።

ሐሙስ

በባቡር ካልሆነ አልሄድም ያሉት እሳቸው ናቸው። ከለቡ ጣቢያ ጠዋት ተሳፈርን። አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ሐዲዱም ሰፋ ያለ ነው፤ የድሮው የሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር፣ የአሁኑ 1.435 ሜትር። ጋሼ ይህን ቁጥር ከአጠገባቸው ለተቀመጠ ተማሪ ሳይጠየቁ ነገሩት። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ መስፋቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከአዋሽ ወዲያ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ግራርና ግመል እየበዛ ሄደ። ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ቢኬ እያሉ ጣቢያዎቹን ቀድመው ሲጠሩ ተማሪው ስልኩን ትቶ ያዳምጣቸው ጀመር።

አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ስለተሠራ፣ ከባቡር እንደወረዱ በአሮጌው ጣቢያ ሰፈር፣ ከዚራ መሀል፣ ራስን ማግኘት ድሮ ቀርቷል። ሻንጣችንን ማረፊያ ጥለን ወደ አሮጌው ጣቢያ ሄድን። የድሬ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር፤ ግን ተራራው ቀጥ ያለ፣ ወጪውም ከባድ ሆነና ከግርጌው ባለው ሜዳ ላይ ቆመ። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ አዲስ ሐረር የተባለው ሰፈር ነው ዛሬ ድሬዳዋ የሆነው። አዲስ አበባ እስኪገባ ደግሞ እስከ 1909 ዓ.ም. ጠበቀ። በዚህ መሀል ባሉት ዓመታት የአገሪቱ ዕቃ ሁሉ እዚህ ወርዶ በቅሎና ግመል ላይ ይጫን ነበር። የድሬ ሀብትም፣ የድሬ ሰው ቋንቋ ማወቅም ከዚያ የመጣ ነው።

ፈቃድ ጠይቀን ግቢው ውስጥ ገባን። ጥገና ክፍሉ ውስጥ መዘውሮቹ፣ ብረት መቁረጫዎቹ፣ በዘይት የጠቆሩት የእንጨት ጠረጴዛዎች እንዳሉ ናቸው፤ አንዳንዱ ማሽን ዛሬም ይሠራል። ጥላው ሥር የቆመ አንድ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ አለ። ውስጡ በሁለቱም ጎን የተዘረጋ የጣውላ አግዳሚ ብቻ ነው፤ የጣውላው ጠርዝ በተቀማጭ ብዛት ተልጎ ክብ ሆኗል። ጋሼ ገብተው ተቀመጡና በመዳፋቸው ጠርዙን ዳበሱት። «እዚህ ላይ ከአንድ ፍየልና ከሦስት ጆንያ ሽንኩርት ጋር እስከ አዋሽ ሄጃለሁ» አሉ። አንድ የድሮ ሠራተኛ መጥቶ በፈረንሳይኛ ሰላም አላቸው፤ እሳቸውም በዚያው መለሱ። ሁለቱም ሌላ ቋንቋ እንደሌላቸው ሆነው ሩብ ሰዓት ያህል ቆሙ። እኔና ወንድሜ ዳር ቆመን ጠበቅን።

ከዚራን ለመግለጽ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ጥላ የሚጥሉ ዛፎች፣ ቢጫ ቀለም የተቀቡ የባቡር ሹማምንት ቤቶች። በእግር ነው የሚታየው፤ ባጃጁን ከደቻቱ ወዲያ ለመሻገር አስቀምጡት።

ደቻቱ ወንዝ ነው ሲሏችሁ ወንዝ አትጠብቁ። ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ከላይ ከተራራው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። አሁን ዳርና ዳሩ በግንብ ተከልሏል። የባጃጅ ሹፌራችን ከሞቀ ጨዋታው መሀል ድልድዩ ላይ ስንደርስ ዝም አለ፣ ከተሻገርን በኋላ ቀጠለ። ቀፊራ ገበያ በር ላይ አወረደን። የገበያው ቅስት በሮች የአረብ አገር ሕንፃ መልክ አላቸው። ውስጡ ግን ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ የግመል ወተት በጄሪካን፣ ከገጠር የመጡ የኦሮሞና የሶማሌ ሴቶች፣ ዋጋው በአራት ቋንቋ የሚጠራበት። ማታ ሙሸበክ በላን። ጣፋጭ የማይወዱት ጋሼ ሁለት በሉ።

ዓርብ

ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ለመውጣት በማለዳ መነሳት ግድ ነው፤ ፀሐይ ከበረታች ድንጋዩ ያቃጥላል። ከከተማው በስተደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፣ ግን የመጨረሻው ዳገት በእግር ነው። ጋሼ ከታች ከጥበቃው ጋር ቀሩ።

ዋሻውን እ.ኤ.አ. በ1929 ለዓለም ያስተዋወቁት ሁለት የማይገጥሙ ሰዎች ናቸው። አንዱ ቴያር ደ ሻርዳን የተባለ የኢየሱሳውያን ቄስና የጥንተ ሕይወት ተመራማሪ፣ ሌላው አንሪ ደ ሞንፍሬ የተባለ በቀይ ባሕር መሣሪያና ሐሺሽ ያሻግር የነበረ ፈረንሳዊ። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ቁፋሮዎች ያወጡት ነገር ብዙ ነው፦ የድንጋይ መሣሪያ፣ የሰው መንጋጋ ቁራጭ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀይ አፈር። የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ ሰዎች እዚህ ተቀምጠው ቀለም ያለው ድንጋይ ይፈጩ ነበር። የተገኘው ከ4,000 በላይ ቁራጭ፣ ሲመዘን 40 ኪሎ ያህል ነው። አንድ ትውልድ ተጫውቶበት የተወው ነገር አይደለም፤ ለሺህ ዓመታት ልጅ ከአባቱ እየተማረ የቀጠለ ሥራ ነው።

ይህን ሳያውቅ የወጣ ሰው ግን የሚያየው በብረት የታጠረ፣ ጥልቀት የሌለው ዋሻ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች በኖራማ ቅርፊት ተሸፍነው ደብዝዘዋል። አስጎብኚያችን በእጅ ባትሪ በጎን እያበራ ሲያሳየን መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ዓይኔ ሲለምድ አንድ የእንስሳ ጀርባ መስመር ብቅ አለ፣ ከዚያ ቀንድ፣ ከዚያ ሌላ እንስሳ። ወንድሜ እኔ ሳላየው ቀርቼ እሱ ያየው የሰው ሥዕል እንዳለ ይምላል። ለሥዕል ብቻ የሚመጣ ሰው ለጋ ኦዳ ይሻለዋል፤ እዚያ ሥዕሉ ብዙ ነው፣ ግን ራቅ ይላል፣ መኪናም ጠንካራ ይፈልጋል።

ከዋሻው አፍ ሲታይ ድሬ ከታች ተዘርግታ፣ የደቻቱ አሸዋ መሀሏን ሰንጥቆ ይታያል። አራት ሰዓት ላይ ወርደን ነበር። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከተማው ይተኛል፤ ሱቁ ዝግ፣ መንገዱ ባዶ፣ ወንዱ ሁሉ በርጫ ላይ። ዕቅድ አውጥቶ ድሬ የሚመጣ ሰው ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ያለውን ከዕቅዱ ያውጣ። እኛም ተኛን።

ቅዳሜ

ወደ ሐረር የሚወስደን ሹፌር የድሬ ልጅ ነበር፣ ዕድሜው ከወንድሜ አይበልጥም። ጋሼን ገና እንዳያቸው «አንተ ሽማግሌ፣ ና ከፊት ተቀመጥ፣ ደንገጎን ከፊት ሆነህ ነው የምታየው አቦ!» አላቸው። እኔ ደነገጥኩ። ጋሼ ፊታቸው በራ፤ «ይኸው አገሬ ገባሁ» ብለው ከፊት ገቡ።

ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር 1,900 ሊሞላ ጥቂት የቀረው። በመሀሉ ያለው የደንገጎ ዳገት ግን ከሁለቱም ከፍ ይላል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ጆሮ ይደፈናል፣ መስኮት የከፈተ ይዘጋል። ሹፌሩ በየኩርባው ጡሩምባ እየነፋ፣ በሌላ እጁ ደግሞ ታች የሚታየውን እያሳየ ነው የሚነዳው፤ የኋለኛውን ቢተወው ደስ ባለኝ። ከላይ ሲደረስ አየሩ ሌላ፣ እርሻው ሌላ፣ የሰው ልብስም ሌላ ነው። በረሃው ማሽላና ጫት ሆነ። ባቡሩ ለምን እንዳልወጣ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አንዴ መውጣት ይበቃል።

ሐረማያ ሐይቅ ዳር ቆምን። በአካባቢው ያደጉት ሁሉ የሚያስታውሱት ይህ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ሜዳ ሆኖ ነበር። ለመስኖ በሞተር ይቀዳ ነበር፣ ለሐረር የሚጠጣውም ከእሱ ነበር፣ ከኮረብታው የሚታጠበው አፈር ደግሞ ወለሉን ሞላው። ከአሥር ዓመት በላይ ከብት ሲግጥበት ቆይቶ ውሃው ተመልሷል። ያየነው ውሃ ዳር ድረስ ሞልቶ፣ ወፎቹ መሀል ላይ ሰፍረው ነበር። ዳር ላይ ግን የውሃ መሳቢያ ሞተሮች ዛሬም ተደርድረዋል፤ ቱቦዎቹ ወደ ጫቱ ማሳ ይሄዳሉ። ሹፌሩ «ተመለሰ ብለው ደገሙት» አለ። ሐይቁ በደረቀ ጊዜ ሐረር ውሃ አጥታ ውሃ በጄሪካን የሚሸጥበት ዘመን መጣ። መፍትሔ የሆነው ከድሬ በኩል ካለው ቆላ የጉድጓድ ውሃ በፓምፕ ስቦ ወደ ላይ ማውጣት ነው። ባቡር ያልወጣውን ዳገት ውሃ ወጣው ማለት ነው።

አወዳይ ላይ ለምሳ ቆመን እንደሆነ ቢጠየቅ፣ ቆመን ነበር፤ መብላት ግን አልቻልንም። የጫት ገበያው መንገዱን ሞልቶት ሰው ከሰው ጋር እየተጋፋ፣ እሥር እሥሩ በአየር ላይ እየተወረወረ፣ አይሱዙዎቹ ሞተራቸውን ሳያጠፉ ይጫናሉ። ጫቱ በዚያው ቀን ጅቡቲና ሶማሊያ መድረስ አለበት፤ ያደረ ጫት ዋጋ የለውም። ሐረር ገብተን በላን።

እሑድ

ጁገል፣ የሐረር አሮጌው ክፍል፣ በግንብና በአምስት በር ተከልሎ የኖረ ከተማ ነው፤ ስድስተኛው፣ መኪና የሚያስገባው ሐረር በር፣ በኋላ የተከፈተ ነው። ግንቡን ያስገነባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው አሚር ኑር እንደሆነ ይነገራል። ውስጡ 82 መስጊዶችና ከ100 በላይ የእስልምና ቅዱሳን ሥፍራዎች አሉ። የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ነው፤ ድሬ በጎርፍ ባለቀሰችበት በዚያው ክረምት።

አስጎብኚ ያዙ፣ ግን አስጎብኚው እንዳይሮጥባችሁ ንገሩት። የእኛው በሦስት ሰዓት ሁሉንም ሊጨርስ ነበር። ራምቦ ቤት የሚባለው ሕንፃ ሲታይ ያምራል፤ የእንጨት ሥራው፣ ባለቀለም መስኮቱ፣ ከላይ የሚታየው ከተማ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ግን እዚህ ቤት አልኖረም፤ ሕንፃው ከእሱ በኋላ በሕንድ ነጋዴ የተሠራ ነው። እሱ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ቡና፣ ቆዳና ጠመንጃ እየነገደ ኖሮ፣ እግሩ ታሞ በቃሬዛ ነው ከሐረር የወጣው። ከጎኑ ባለው የራስ ተፈሪ ቤት ያለው ሙዚየም ይበልጣል። አንድ የከተማው ሰው፣ አብዱላሂ ሸሪፍ፣ ለዓመታት ከየቤቱ የሰበሰባቸው የብራናና የወረቀት መጻሕፍት፣ ሐረር በራሷ ስም ያሳተመቻቸው ሳንቲሞች፣ የሙሽራ ልብሶች። እዚያ ከሁለት ሰዓት በታች አትቆዩ።

ከሁሉ ያቆየን ግን የሐረሪ ቤት ነው። ጫማ አውልቀን ገባን። ወለሉና መደቦቹ ቀይ ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ። መደቦቹ፣ ነደባ የሚባሉት፣ ከፍታቸው የተለያየ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ከፍታው ይወስናል። ግድግዳው ላይ ሰሃን፣ ጎድጓዳ ሳህንና ሰፌድ ከጣሪያ እስከ መደብ ተሰቅሏል። አዲስ ሙሽሮች ከበር አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሳምንት ይቆያሉ፣ ምግብ በትንሽ መስኮት ይገባላቸዋል። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ካለ ቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለው ማለት ነው። የቤቱ እመቤት ሆጃ አፍልተው ሰጡን፤ ከቡና ገለባ የተፈላ፣ ወተት የገባበት። ጋሼ ከዝቅተኛው መደብ ሊቀመጡ ሲሉ እመቤቷ በእጃቸው ምልክት ከፍ ወዳለው አስነሷቸው፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ተኮፈሱ።

ልብስ ሰፊዎቹ በተደረደሩበት፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ስናልፍ ለወንድሜ ሱሪ በቆምንበት አሳጠርንለት። ሁለት ሰው ትከሻ ሳይነካካ በማይተላለፍበት፣ «የዕርቅ መንገድ» በሚባለውም አለፍን።

ማታ ጅብ። ፈላና በር ወጣ ብሎ፣ በመኪና መብራት። የሚመግበው ሰው ሥጋውን በአጭር እንጨት ጫፍ ይዞ በስም ይጠራቸዋል፣ ይመጣሉ። ወንድሜ እንጨቱን በአፉ ይዞ አበላ፤ የጅቡ ትንፋሽ ምን እንደሚሸት ለሦስት ቀን ነገረን። ሃያ ደቂቃ በቂ ነው። የሚገርመው ይህ ትርዒት አይደለም፤ ተመልሰን በጠባቡ መንገድ ስንሄድ አንድ ጅብ ከፊታችን በግንቡ ግርጌ ባለው ቀዳዳ ገብቶ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሲሄድ፣ በር ላይ የተቀመጡ ሴቶች ወሬያቸውን አላቋረጡም።

ሰኞ

ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ባቢሌ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ቢሲዲሞን አልፈን ኤረር ሸለቆ ስንወርድ ሙቀቱ ተመለሰ። ባቢሌ የኦቾሎኒ አገር ነው፤ በየመንገዱ ዳር በጣሳ ተሰፍሮ፣ ቆሎውም ጥሬውም። የግመል ገበያ የቆመበት ቀን ስለነበር ገባን። ገዢና ሻጭ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት ነው የሚደራደሩት፤ ከውጭ የቆመ ሰው ዋጋውን አያውቅም። ጋሼ አንድ ግመል ወደዱ። ሹፌሩ «የት ልታሳድረው ነው አቦ፣ ኮንዶሚኒየም?» አላቸው።

ባቢሌ ስትነሳ ዝሆን ይነሳል። መጠለያው በ1962 ዓ.ም. የተከለለ፣ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው፤ ዝሆኖቹ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ይንቀሳቀሳሉ። ሰፈራና እርሻ እየገፋቸው ቁጥራቸው ተመናምኗል። በአንድ ቀን ሄዶ ለማየት ማሰብ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ጠባቂ ይዞ፣ አድሮ፣ እሾህ ለእሾህ በእግር መሄድ ይጠይቃል። እኛ አልሞከርነውም።

ዳከታ ግን ማንንም አያሳፍርም። ከባቢሌ ጥቂት እንዳለፉ በመንገዱ ግራና ቀኝ የድንጋይ ዓምዶች ይጀምራሉ፤ ግዙፍ ክብ ድንጋይ በቀጭን አንገት ላይ ተቀምጦ፣ በላዩ ሌላ ተደርቦ። ሥራው የሰው አይደለም። ድንጋዩ መሬት ውስጥ ሳለ ውሃ በስንጥቆቹ እየገባ ጠርዝ ጠርዙን አበሰበሰው፤ ከዚያ አፈሩ በዝናብ ሲታጠብ ያልበሰበሰው እንብርት ብቻውን ቆሞ ቀረ። ተጠግቶ ያየ ሰው ዛሬም ቅርፊቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ መሆኑን ያያል። በእጄ አንዱን ቅርፊት ነካሁት፤ ጣት የሚያህል ውፍረት አለው፣ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። እረኞቹ የትኛው ድንጋይ ሰው፣ የትኛው ግመል እንደሚመስል ያውቃሉ፤ ሁለት ልጆች አንዱን ዓምድ በባዶ እግራቸው ወጥተው አናቱ ላይ ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድንጋዩ ቀላ ይላል፤ ከአሥር ሰዓት በፊት አትድረሱ። በስተሰሜን ርቆ የዱር ፈረሶች ያሉበት ቁንዱዶ ተራራ አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። እሱ የራሱን ቀን ይፈልጋል፣ ለሌላ ጊዜ ትተነዋል።

ማክሰኞ

ሻንጣ ጭነን ከሐረር ወጣን። ደንገጎ ጋ መንገዱ ይከፈላል፤ ቀኙ ወደ ድሬ ይወርዳል፣ ግራው በተራራው ጀርባ ወደ ቁልቢ ይሄዳል። ቁልቢ ገብርኤልን ያሠሩት ራስ መኮንን ናቸው፣ በዚያው በቁልቢ ነው በ1898 ዓ.ም. ያረፉት። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከመላው አገር ሰው ስለቱን ይዞ ይጎርፋል፣ ሕፃናት ክርስትና ይነሳሉ፣ መኪና የሚያቆም ቦታ ይጠፋል። በተራ ቀን ግን ብርድና ጸጥታ ብቻ። ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው ገብተው ረዥም ጊዜ ቆዩ። ስለት ነበረባቸው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።

ጨለንቆ ከቁልቢ ብዙ አይርቅም። በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የአሚር አብዱላሂን ጦር ያሸነፉት፣ ሐረርም ነፃነቷን ያጣችው እዚህ ሜዳ ላይ ነው። ከመታሰቢያው ፊት ቆመን ጋሼ ከትምህርት ቤት የተማሩትን ነገሩን። ሹፌሩ ከአያቱ የሰማውን ነገረን። ሁለቱ ታሪኮች የሚገናኙት በቀኑና በቦታው ብቻ ነበር። እየተከራከሩ መኪና ውስጥ ገቡ። ደንገጎን ስንወርድም ክርክሩ አላበቃም፤ ድሬ ገብተን ሒሳብ ስንከፍለው ሹፌሩ «አንተ ሽማግሌ፣ የአያቴን ስልክ ልስጥህ፣ ራስህ ደውልና ተከራከረው» ብሎ ቁጥሩን በጋሼ ስልክ ላይ መዘገበላቸው።